«የስታሊን ሞት»፦ አንዱን የሚያስቀው ፊልም ሌላውን ለምን ያስቆጣል?



የዛሬው ጽሑፍ ረዘም ስለሚል ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት። ስለ አንድ ፊልም ነው፣ ግን በፊልሙ ሰበብ የማወራው ታሪክ ነው። (ዓመቶቹ «ዓ.ም» ካላልኩ በቀር በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

በጃንዋሪ 2018 የሩሲያ የባህል ሚኒስቴር አንድ ፊልም ሲኒማ ቤት ሊገባ ሁለት ቀን ሲቀረው ፈቃዱን ነጠቀው። ፊልሙ «የስታሊን ሞት» ይባላል። ያዘጋጀው ስኮትላንዳዊው አርማንዶ ያኑቺ ነው፣ የወጣውም በ2017። መነሻው ደግሞ ፋቢያን ኑሪና ቲዬሪ ሮቢን የተባሉ ፈረንሳዮች የሠሩት በሥዕል የተተረከ መጽሐፍ ነው። ሞስኮ ውስጥ ፒዮነር የሚባል ሲኒማ ቤት እገዳውን ጥሶ ፊልሙን ቢያሳይ ፖሊስ መጣበት። በሌላው ዓለም ግን ተመልካቹ ሆዱን ይዞ ይስቅ ነበር።

ይህ ፊልም በሄደበት ሁሉ ሰው ይከፍላል። ከሩሲያ ውጭም ቢሆን ግማሹ «ስለ አምባገነንነት ከዚህ የበለጠ እውነተኛ ፊልም የለም» ሲል፣ ግማሹ «በሰው ደም ላይ መቀለድ ነው» ይላል። ብዙ ሰው ነገሩን የቀልድ ጉዳይ ያደርገዋል፤ የሚስቀው ቀልድ የገባው፣ የሚቆጣው ደግሞ ቀልድ የማያውቅ ይመስለዋል። እኔ እንደዚያ አላየውም። ሰዉን የሚከፍለው ሳቁ በማን ላይ ነው የሚለው ጥያቄ ነው። ፊልሙም ለዚህ ጥያቄ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት መልስ አይሰጥም።

መጀመሪያ እውነቱ

የታሪክ መምህር ነኝና ከመዝገቡ ልነሳ።

ፌብሩዋሪ 28 ቀን 1953 ማታ ስታሊን ከሞስኮ ወጣ ብሎ ኩንትሴቮ በሚገኘው ቤቱ አራት ሰዎች እራት ጋበዘ፦ ቤሪያ፣ ማሌንኮቭ፣ ክሩሽቼቭና ቡልጋኒን። እስኪነጋ ሲበሉ ሲጠጡ አደሩ። በማግስቱ ስታሊን ከክፍሉ አልወጣም። ረፋዱ አለፈ፣ ቀትር አለፈ፣ መሸ። ጠባቂዎቹ በር ላይ ቆመው እርስ በርስ ይተያያሉ። ሳይጠራ የሚገባ ማን አለ? በመጨረሻ በጣም ከመሸ በኋላ ፖስታ መጣ በሚል ሰበብ አንዱ ደፍሮ ገባ። የዓለምን አንድ ስድስተኛ የሚገዛው ሰው ወለሉ ላይ ተዘርግቶ፣ ሽንቱ አምልጦት፣ መናገር ተስኖት አገኘው።

ስልክ ተደወለ። የጠባቂዎቹ ምስክርነት እንደሚለው፣ ቤሪያና ማሌንኮቭ ሌሊቱን መጥተው አዩትና «ተኝቷል እኮ፣ ምን አስደነገጣችሁ» ብለው ተመለሱ። ሐኪም የደረሰው በማግስቱ ጠዋት ነው። ማርች 5 ሞተ።

ሐኪሞቹስ? ከዚያ ሁለት ወር ባልሞላ ጊዜ ውስጥ፣ ጃንዋሪ 13፣ ፕራቭዳ ጋዜጣ የክሬምሊን ሐኪሞች መሪዎችን ሊገድሉ ሲያሴሩ ተያዙ ብሎ አውጥቶ ነበር። ከታሰሩት ብዙዎቹ አይሁዶች ነበሩ። የስታሊን የግል ሐኪም የነበሩት ፕሮፌሰር ቪኖግራዶቭም ከታሳሪዎቹ አንዱ ናቸው። ስለዚህ ሰውየው ሲወድቅ ደህና አድርጎ የሚያውቀው ሐኪም እስር ቤት ነበር፣ ያሳሰረውም ራሱ ነው። ይህን ደራሲ ቢፈጥረው «አጋነንክ» እንለው ነበር።

ሌላ ልጨምር። የሞሎቶቭ ሚስት ፖሊና ዤምቹዢና በ1949 ታስራ ወደ ካዛክስታን ተጋዘች። ከፓርቲው እንድትባረር ድምፅ ሲሰጥ ሞሎቶቭ ድምፁን አቀበ፤ በኋላ ግን ድምፅ በማቀቡ ይቅርታ ጠይቆ በሚስቱ ላይ የተሰጠውን ውሳኔ ደገፈ። ስታሊን ሲሞት ተፈታች። እሷም ከዚያ ሁሉ በኋላ እስክትሞት ድረስ የስታሊን ታማኝ ሆና ቀረች! ፊልሙ ይህን ታሪክ ወደ አንድ ክፍል ያስገባዋል፦ ሞሎቶቭ ሚስቱን ከሃዲ እያለ ሲያወግዝ፣ ቤሪያ ሴትዮዋን ይዟት ከተፍ ይላል። ያኔ የሰውየው ምላስ በአፉ ውስጥ እንዴት እንደሚገለበጥ እዩት።

የሆኪ ቡድኑም እውነት ነው። ጃንዋሪ 1950 የአየር ኃይሉን የበረዶ ሆኪ ቡድን የጫነ አውሮፕላን ስቨርድሎቭስክ አጠገብ ተከስክሶ አሥራ አንድ ተጫዋቾች ሞቱ። የቡድኑ የበላይ የስታሊን ልጅ ቫሲሊ ነበር። አባቱ እንዳይሰማ ብሎ ሌሎች ተጫዋቾች ሰብስቦ ምንም እንዳልተፈጠረ ጨዋታው ቀጠለ።

ታዲያ ልብ በሉ፤ ይህ ፊልም በጣም የሚያስቀው ከመዝገብ የወሰደውን ሲያሳይ ነው። ደራሲዎቹ ይህን ቂልነት ከራሳቸው አላመጡትም። ሰው ሁሉ እስከ አጥንቱ ሲፈራ ሥራው ሁሉ ትያትር ይሆናል፤ ትያትሩ ደግሞ ከውጭ ለሚያየው ያስቃል።

ቀጥሎ ያልሆነው

ፊልሙ የዘጠኝ ወር ታሪክ በጥቂት ቀን ውስጥ ጠቅጥቋል። በፊልሙ ቤሪያ ቀብሩ እንዳለፈ ተይዞ ወዲያው ይገደላል። በእውነቱ የተያዘው ጁን 26 ሲሆን፣ በዝግ ችሎት ተፈርዶበት የተረሸነው ዲሴምበር 23 ቀን 1953 ነው። ስታሊን በሞተበት ሰዓት ሞሎቶቭ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር አልነበረም፤ ከ1949 ጀምሮ ከቦታው ተነስቷል። ማርሻል ዡኮቭም የጦሩ የበላይ አልነበረም፤ ስታሊን አርቆ ኡራል ልኮት ነበር። ቤሪያ ደግሞ የጸጥታ ሚኒስትርነቱን ከለቀቀ ዓመታት አልፈው ነበር፤ ከትልልቅ ሥራዎቹ አንዱ የአቶም ቦምቡ ነበር። በቀብሩ ሰሞን ሞስኮ ላይ ብዙ ሰው የሞተው በግፊያ ተረጋግጦ ነው፤ ፊልሙ ግን ወታደሮች ሕዝቡ ላይ ሲተኩሱ ያሳያል። የመክፈቻው የሙዚቃ ምሽትና የፒያኖ ተጫዋቿ የማሪያ ዩዲና ታሪክም ብዙ ምሁራን የሚጠራጠሩት አፈ ታሪክ ነው።

እንግሊዛዊው የታሪክ ምሁር ሪቻርድ ኦቨሪ ፊልሙ እንደወጣ እነዚህን ስህተቶች እየዘረዘሩ ተቹት። ትችታቸው ትክክል ነው። የመጀመሪያዎቹ ቅሬተኞችም እነዚህ ናቸው፣ የሙያ ባልደረቦቼ። እኔ ግን በዚህ እንቅልፍ አላጣም። ማን በየትኛው ወር ሚኒስትር እንደነበረ ከመጽሐፍ ማየት ይቻላል። ፍርሃት በሰው ፊት ላይ ምን እንደሚመስል ግን ከመዝገብ አይገኝም፤ እሱን ፊልሙ በደንብ ያሳያል።

የሞስኮ ቁጣ

ሁለተኞቹ ቅሬተኞች የሩሲያ ባለሥልጣናት ናቸው። በጊዜው የባህል ሚኒስትር የነበረው ቭላዲሚር ሜዲንስኪ ፊልሙ በጠቅላላው የሶቪየት ዘመን፣ ፋሺዝምን ባሸነፈው ሠራዊትና በተራው ሕዝብ፣ አልፎ ተርፎም በስታሊን ሰለባዎች ላይ የሚያፌዝ ሆኖ ሊታይ ይችላል አለ። ጊዜውም የስታሊንግራድ ድል 75ኛ ዓመት ሊከበር ቀናት የቀሩበት ነበር።

ይህን ቁጣ አቃልላችሁ አትዩት። ሩሲያ ውስጥ በጦርነቱ ሰው ያልሞተበት ቤት ማግኘት ይከብዳል። የዡኮቭ ስም ለእነሱ እንደ እኛ የዓድዋ ጀግኖች ነው። ዡኮቭ ደረቱን በሜዳሊያ ሞልቶ እንደ መንደር ጉልቤ ሲደነፋ ማየት የሚያማቸው ሰዎች አሉ፤ ሕመማቸው ውሸት አይደለም።

ነገር ግን «ለሰለባዎቹ ክብር» የሚለውን ክርክር ከማን አፍ እንደወጣ እንይ። በ1937 እና 1938 ብቻ የራሱ የጸጥታ መሥሪያ ቤቱ መዝገብ እንደሚለው 681,692 ሰው ተረሽኗል። የእነዚህን ሰዎች ስም ሲሰበስብ የኖረው ሜሞሪያል የተባለው ማኅበር በዲሴምበር 2021 በሩሲያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ እንዲዘጋ ተደረገ። የሰለባዎቹን ስም የሚይዘውን ማኅበር የዘጋ መንግሥት በሰለባዎቹ ስም ፊልም ሲከለክል ቅር ያሰኘው ነገር ሌላ ነው። ሥልጣን ጥላቻን ይችላል፤ የሚጠሉት ሰው ትልቅ ነው ማለት ነውና። የማይችለው መሳቂያ መሆንን ነው። እኛም አገር «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» እየተባለ ንጉሡ ራሱ ደግሞ «እረኛ ምን አለ?» ብሎ ያስጠይቅ ነበር። የአለቃ ገብረ ሃና ቀልዶች እስከ ዛሬ የሚነገሩትም ትልልቆቹን ስለሚነኩ ነው።

ሦስተኞቹ

የእኔን ሐሳብ የያዙት ግን ሦስተኞቹ ቅሬተኞች ናቸው። እነዚህ ሥልጣን የላቸውም፣ የሞቱባቸው ግን አሉ።

ፊልሙን ቤቴ ከሁለት ሰዎች ጋር አይቼዋለሁ። አንዱ የልጅነት ጓደኛዬ ነው። በቀይ ሽብር ጊዜ ቀበሌ ታስሮ የተገረፈ፣ እስከ አሁን ውስጥ እግሩ የሚያመው ሰው ነው። ሌላዋ ጎረቤቴ ናቸው፤ እትዬ እላቸዋለሁ። ታናሽ ወንድማቸው በ1970 ዓ.ም አንድ ማታ ከቤት ተወስዶ አልተመለሰም። የፊልሙ እንግሊዝኛ ስለፈጠነባቸው መሃል መሃል ላይ እተረጉምላቸው ነበር።

ጓደኛዬ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ሚኒስትሮቹ በስታሊን ሽንት ላይ ተንበርክከው፣ ሐኪም ይጠራ አይጠራ ብለው በኮሚቴ ሲመክሩ «ይኸው! ይኸው! የእኛ ቀበሌ ስብሰባ!» እያለ ጉልበቱን ይመታል። እትዬም እዚያ ድረስ ፈገግ ብለው ነበር።

ከዚያ አንድ ትዕይንት መጣ። እስረኞች ተሰልፈው በየተራ ይረሸናሉ። አንዱ ተመታ። ልክ በዚያች ቅጽበት መግደል ይቁም የሚል ትእዛዝ ደረሰ። ቀጥሎ የቆመው ሰው ተረፈ። አቀራረቡ የቀልድ ነው፤ ቀልዱ ያለው በሰዓቱ ላይ ነው። ጓደኛዬ ሳቀ። እትዬ ግን ወደ እኔ ዞረው «መምህር፣ ያ አሁን የተመታው ልጅ ስሙ ማን ነበር?» አሉኝ።

ስም የለውም። ፊልሙ ስም አልሰጠውም። «አይናገሩም እትዬ» አልኳቸው። ነጠላቸውን ሰብስበው ተነሱ። አልተቆጡም፤ «እናንተ እዩት» ብለው ወጡ።

ይህን ጥያቄ እስከ ዛሬ ይዤዋለሁ። በፊልሙ ውስጥ ክሩሽቼቭ ስም አለው፣ ቤሪያ ስም አለው፣ ኮርሴት የታጠቀው ማሌንኮቭ ስም አለው። የምናውቃቸው፣ የምንለምዳቸው፣ ቀልዳቸውን የምንጠብቀው ገዳዮቹን ነው። የሚገደሉት ግን በአብዛኛው በኮሪደር ሲጎተቱ የምናያቸው ጀርባዎች ናቸው። ሳቁ በገዳዮቹ ላይ እስከሆነ ድረስ ጥሩ ነው። የሟቹ መውደቅ የቀልዱ መዝጊያ ሲሆን ግን ሳቁ ቦታውን ሳተ።

እንግዲህ ማን ልክ ነው? ሁለቱም ያንኑ ዘመን አሳልፈዋል፤ «ያልደረሰበት ይስቃል» ብለን አንገላገልም። ልዩነቱ ሌላ ቦታ ይመስለኛል። ጓደኛዬ ራሱ ከመከራው ተርፏል። ሲስቅ በዚያን ጊዜ በፊታቸው ይንቀጠቀጥ የነበረውን ሰዎች ነው የሚስቅባቸው፤ በአርባ ምናምን ዓመት ዘግይቶ የመጣ የራሱ ሳቅ ነው። እትዬ ግን የሚያስቡት ላልተረፈው ነው። ለሟቹ ማንም ወክሎ መሳቅ አይችልም። አገራችን «ጥርስ ባዳ ነው» ትላለች፤ ልብ ሲያለቅስም ጥርስ ይስቃል። ግን ተረቱ የሚሠራው ለባለቤቱ ነው። ሐዘንተኛ ሲስቅ ማንም አይታዘበውም፤ ለቅሶ ደራሽ ሲስቅ ግን ይታዘባሉ። ይህን ፊልም የሠሩት ለቅሶ ደራሾች ናቸው።

ሳቅና ፍርሃት

በሌላ በኩል ግን «በሽብር ላይ መሳቅ ነውር ነው» የሚለው ደንብ በጅምላ ቢያዝ ሰለባዎቹን ራሳቸውን ይኮንናል። በስታሊን ዘመን ቀልድ ማውራት በወንጀለኛ ሕጉ አንቀጽ 58 «ፀረ ሶቪየት ቅስቀሳ» ተብሎ ለዓመታት ወደ ሥራ ካምፕ ያስልክ ነበር። ሰዉ ግን ያወራ ነበር። ነፍሱን አስይዞ የሚቀልድ ሰው ቀልዱን እንደ ዳቦ ካልፈለገው በቀር አያደርገውም።

እኛም እናውቀዋለን። በደርግ ጊዜ በአፍሪካ አዳራሽ አቅራቢያ የቆመው የሌኒን ሐውልት አንድ እግሩን አስቀድሞ የሚራመድ ነበር። አዲስ አበቤ ምን አለ? «ሌኒንም ሰልችቶት ወደ ቦሌ እየሄደ ነው» አለ። ይህን ያወራነው በር ዘግተን፣ ድምፃችንን ዝቅ አድርገን ነው። ሐውልቱ በግንቦት 1983 ዓ.ም ሲወርድ ቀልዱ ከመንግሥቱ ዕድሜ ተርፎ ነበር።

ስለዚህ ጥያቄው «ይሳቃል ወይስ አይሳቅም» አይደለም። ከታች ወደ ላይ የሚወረወር ሳቅ አለ፤ ከላይ ወደ ታች የሚወርድም አለ። ክሩሽቼቭ በማስታወሻው እንደተናገረው ስታሊን ራሱ በእራት ግብዣዎቹ ላይ ሹማምንቱን መሳቂያ ማድረግ ይወድ ነበር፤ ክሩሽቼቭን በዚያ ዕድሜው የዩክሬን ጭፈራ አስጨፍሮታል። ያም ሳቅ ነው። ፊልሙ ሁለቱንም ዓይነት ሳቅ ስለያዘ ነው ተመልካቹ የሚከፈለው፤ አንዱ የመጀመሪያውን ሰምቶ ይወጣል፣ ሌላው ሁለተኛውን።

የእኔ ፍርድ

ፊልሙ ይታይ እላለሁ። ስጠራጠርበት የነበረው ቦታ ግን ከመረሸኑ ትዕይንት ይልቅ ክሩሽቼቭ ላይ ነው። ስቲቭ ቡሼሚ ሲጫወተው ጓደኛችን ይሆንብናል፤ ቤሪያን ሲያሸንፍ ደስ ይለናል። ክሩሽቼቭ ግን በ1937 የሞስኮ፣ ከ1938 ጀምሮ የዩክሬን የፓርቲ መሪ ሆኖ በዚያ ግድያ ውስጥ እጁ ነበረበት። በአንጻሩ ያ አረመኔ ቤሪያ ስታሊን በሞተ በሳምንታት ውስጥ ከአንድ ሚሊዮን በላይ እስረኞች የተፈቱበትን ምሕረት አስወጥቷል፣ በምርመራ ላይ ግርፋት እንዲቆምም አዝዟል። መልካም ሰው ስለሆነ አይደለም፤ ሥልጣን ፈልጎ ነው። ታሪክ ግን እንዲህ የተደባለቀ ነው።

የመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ደግሞ ፊልሙን ያድኑታል። ቤሪያ ሲያዝ፣ ፍርዱ በችኮላ ሲነበብ፣ ሲጮህና ሲለምን፣ ሬሳው ግቢ ውስጥ ቤንዚን ተርከፍክፎበት ሲቃጠል ቀልዱ ይቆማል። እስከዚያ ስትስቁ የነበራችሁ ድንገት ከማን ጋር ስትስቁ እንደነበር ታያላችሁ። ጓደኛዬም እዚያ ላይ ዝም አለ። ሻይ ቀድቼለት ሳይጠጣው ቀዘቀዘ።

ስለ እኛስ?

«የሩሲያ ታሪክ ምን ያደርግልናል?» የምትሉ አትጠፉም። ስታሊን በ1913 ስለ ብሔር ጥያቄ የጻፋትን ትንሽ መጽሐፍ የእኛ የተማሪዎች ንቅናቄ ትውልድ እንደ ዳዊት ደግሟታል። የእሱን ትምህርት ይዘን ተጋደልን፤ በእሱ መንገድም ተገዳደልን። ባዕድ አይደለም።

ቂልነቱም አለን። ለአርባ ዓመት በላይ ከነገሡ በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም ከቤተ መንግሥታቸው በቮልስዋገን ተወስደዋል። ሚያዝያ 1969 ዓ.ም የአገር መሪ አደባባይ ላይ ቆሞ ቀይ ፈሳሽ የሞላባቸውን ጠርሙሶች እየሰበረ ደም አሳይቷል። ከውጭ ላየው ትያትር ነው። ከዚያ ጠርሙስ በኋላ ግን የብዙ እናት ልጅ መንገድ ላይ ተጥሎ አድሯል።

ከእናንተ አንዱ አንድ ቀን ስለዚያ ዘመን አስቂኝ ፊልም ቢሠራ አልቃወምም። የደርግ ስብሰባ፣ የቀበሌው ሊቀመንበር መፈክር፣ ፍርሃቱና ማስመሰሉ ብዙ ሳቅ አለው፤ ያስፈልገናልም። ግን ጽሑፉን ከመጀመራችሁ በፊት መስቀል አደባባይ ጥግ ያለውን የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ሂዱ። ግድግዳው ላይ ፎቶዎች አሉ፤ አብዛኞቹ የእናንተ ዕድሜ ልጆች ናቸው። ስም ስማቸውን አንብቡ። ፊልማችሁ ውስጥ የሚወድቀው ልጅ ከእነዚያ የአንዱን ስም ይኑረው፤ እንደ እትዬ ያለ ተመልካች ሲጠይቅ የሚመለስ ነገር እንዲኖር።

ያያችሁት ካላችሁ የቱ ጋ እንደሳቃችሁና የቱ ጋ ሳቁ እንደቆመባችሁ ጻፉልኝ። ሰላም ሁኑልኝ።